«የካርቦን ኳንተም ነቁጥ» የሚለው ስያሜ ታሪክና የአማርኛ አቻው

እርሳስ ብለን በምንጠራው መጻፊያ ውስጥ እርሳስ የለም። በእንጨቱ መካከል ያለው ጥቁር ዘንግ ግራፋይት ከሸክላ አፈር ጋር ተለውሶ የተሠራ ነው፤ ግራፋይት ደግሞ ከከሰልና ከአልማዝ ጋር አንድ ንጥረ ነገር፣ ይኸውም ካርቦን ነው። የቀድሞዎቹ የማዕድን ዐዋቂዎች ግራፋይትን ከእርሳስ ወገን ይቈጥሩት ስለ ነበር ዐረብኛው «የእርሳስ ብዕር»፣ ጀርመንኛው «የእርሳስ ዘንግ» የሚል ስም ለመጻፊያው ሰጡ፤ አማርኛም በአጭሩ «እርሳስ» አለው። በስዊድን ይሠራ የነበረው ኬሚስት ካርል ሼሌ ግራፋይት ከከሰል ወገን መሆኑን በ1779 በሙከራ አሳየ። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ አብርሃም ቬርነርም በ1789 «መጻፍ» ከሚለው የግሪክ ግሥ አውጥቶ ለማዕድኑ አዲስ ስም አበጀለት። ይሁን እንጂ በተማሪው ቦርሳ ውስጥ ያለው ዕቃ እስከ ዛሬ ስሙን አልለወጠም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው።)

በዕለት ተዕለት ንግግር እንዲህ ያለው ስሕተት ማንንም አይጎዳም። ልጁ እርሳሱን ይቀርጻል፣ ይጽፋል፤ ነገሩ በዚህ ያበቃል። በሙያ ቃል ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የሙያ ቃል ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ስለ ዕቃው የታመነውን ሐሳብ ጭምር ተሸክሞ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይሻገራል፤ ሐሳቡ ሲወድቅ ቃሉ አብሮት አይወድቅም። ይህን እንድናስብ ያደረገን የራሳችን ስሕተት ነው። ከዚህ ቀደም ለሳይንስ ቃላት ረቂቅ ባዘጋጀነው ካርድ ላይ «የካርቦን ኳንተም ነጥብ» የሚል ዋና ቃል አስገብተን «በመጠኑ ማነስ የተነሣ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ብርሃን የሚሰጥ የካርቦን ቅንጣት» ብለን ተርጕመን ነበር። ካርዱን ያየ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ «በመጠኑ ማነስ የተነሣ መሆኑን በምን ዐወቃችሁ?» ሲል ጠየቀን። እኛም የባዕዱን ስም ቃል በቃል ከመፍታት በቀር ምንም ማስረጃ እንዳልነበረን ተረዳን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የስያሜውን ታሪክ ከሥሩ ተከትለን፣ ተርጓሚ ከአንድ ስያሜ ውስጥ የቱን ሊተረጕም፣ የቱን ሊዋስ እንደሚገባው ለማሳየት እንሞክራለን።

ከሰልና ካርቦን

«ካርቦን» ራሱ ታስቦበት የተሠራ ቃል ነው። ጊቶን ደ ሞርቮ፣ ላቯዚየ፣ ቤርቶሌና ፉርክሯ የተባሉት አራት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች በ1787 የኬሚስትሪን የስያሜ ሥርዐት የሚወስን መጽሐፍ በፓሪስ ሲያሳትሙ፣ በምድጃ ለሚነደው ከሰል የሕዝቡ ቋንቋ ስም ነበረው። እነሱ ግን በከሰሉ ውስጥ ያለውን ንጹሕ ንጥረ ነገር ከከሰሉ ለይተው ሊጠሩት ፈለጉ። የሕዝቡን ቃል ትተው «ከሰል» ከሚለው የላቲን ቃል «ካርቦን» የሚለውን አወጡ። አንዱ የገበያ ቃል፣ ሌላው የቤተ ሙከራ ቃል ሆኖ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ። አማርኛም «ከሰል» እና «ካርቦን» ብሎ ለይቶ ሲይዝ ያው ልዩነት ተጠብቆለታል። ለጥራት ሲባል «ካርቦን»ን በ«ከሰል» እንተካ የሚል ሐሳብ አንዳንድ ጊዜ ይሰማል፤ ነገር ግን አልማዝን «የከሰል ዓይነት» ብሎ ለተማሪ ማስረዳት ልዩነቱን መልሶ ማፍረስ ይሆናል።

እነዚሁ ሊቃውንት ግን በሌላ ቃል ተሳስተዋል። ላቯዚየ ለማንኛውም አሲድ መገኛው እሱ ነው ብሎ ያመነውን አየር «አሲድ ወላጅ» በሚል ፍች «ኦክሲጅን» አለው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ1810 ክሎሪን ንጥረ ነገር እንጂ የኦክሲጅን ውሕድ አለመሆኑን ሲያስረዳ፣ ከክሎሪንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ፣ ኦክሲጅን የሌለበት ብርቱ አሲድ መኖሩ ታወቀ። ሐሳቡ ወደቀ፤ ስሙ ቆመ። እዚህ ላይ ለተርጓሚ የሚጠቅም ነገር አለ። ጀርመንኛና ሩስኛ ቃሉን በየራሳቸው ሥር ስለ ተረጐሙት፣ የላቯዚየ ስሕተት ኮምጣጣነትን በሚያመለክት ተራ ቃል እስከ ዛሬ በተናጋሪው አፍ አለ። አማርኛ ግን ቃሉን እንዳለ ስለ ተዋሰው ስሕተቱን አልወረሰም፤ «ኦክሲጅን» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ስለ አሲድ ምንም አይናገርም። የተተረጐመ ቃል ይናገራል፤ የተዋሱት ቃል ዝም ይላል። ዝምታው አንዳንድ ጊዜ ድህነት፣ አንዳንድ ጊዜ ግን ጥንቃቄ ነው።

«ኳንተም» እና «ነቁጥ» የተገናኙበት መንገድ

«ኳንተም» በላቲን «ምን ያህል፣ ስንት» ማለት ነው። ጀርመናዊው ማክስ ፕላንክ በ1900 መጨረሻ የጋለ አካል ስለሚሰጠው ጨረር ሲመራመር፣ ጉልበት እንደ ውሃ ሳይቋረጥ የሚፈስስ ሳይሆን እንደ እህል በስፍር በስፍር የሚወጣ አድርጎ ቢያስበው ስሌቱ ከሙከራው ጋር እንደሚስማማ አገኘ። አልበርት አይንስታይንም በ1905 ብርሃን ራሱ በእንዲህ ያለ ስፍር እንደሚጓዝ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ «ኳንተም» የመጠን መጠየቂያ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሙሉ የፊዚክስ ዘርፍ መጠሪያ ሆነ።

ቃሉ ወደ ጥቃቅን ቅንጣቶች የመጣው በ1980ዎቹ ነው። በሌኒንግራድ ይሠራ የነበረው አሌክሲ ኤኪሞቭ ከባልደረባው ከኦኑሽቼንኮ ጋር በ1981 ባወጣው ጽሑፍ፣ በመስተዋት ውስጥ የተፈጠሩ የመዳብ ክሎራይድ ክሪስታሎች ሲያንሱ የሚውጡት ብርሃን እንደሚለወጥ አሳየ። በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራዎች ይሠራ የነበረው ሉዊስ ብሩስ ደግሞ በ1983 በፈሳሽ ውስጥ በሚንሳፈፉ የካድሚየም ሰልፋይድ ቅንጣቶች ላይ ተመሳሳዩን ነገር አሳየ። በነዚህ ከፊል አስተላላፊ፣ ማለትም ሰሚኮንዳክተር በሆኑ ቁሶች ውስጥ የሚሆነውን ለማስረዳት ከማሲንቆ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። የማሲንቆው ጭራ አንድ ነው፤ አዝማሪው በጣቱ ተጭኖ የሚርገበገበውን ክፍል ባሳጠረው ቍጥር ድምፁ ይቀጥናል። ኤሌክትሮንም የሞገድ ጠባይ ስላለው፣ የታሰረበት ክሪስታል ባነሰ ቍጥር ጉልበቱ ከፍ ይላል። በዚህም ምክንያት ከአንድ ቁስ የተሠሩ ቅንጣቶች ተለቅ ሲሉ ቀይ፣ ሲያንሱ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ።

እስከዚህ ድረስ «ኳንተም ነቁጥ» የሚባል ስም አልነበረም። ስሙ በጽሑፍ የወጣው በ1986 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ድርጅት ይሠሩ በነበሩት በማርክ ሪድና በባልደረቦቹ ነው። ስያሜው ለብቻው አልመጣም። ኤሌክትሮኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የታሰረበት ስስ ንብር «የኳንተም ጕድጓድ»፣ በሁለት አቅጣጫ የታሰረበት «የኳንተም ሽቦ» ይባል ስለ ነበር፣ በሦስቱም አቅጣጫ የታሰረበት «ነቁጥ» ተባለ። ስለዚህ ቃሉን የሚተረጕም ሰው ጕድጓድ፣ ሽቦ፣ ነቁጥ የሚለውን ተከታታይ ሙሉ ሆኖ ሊያየው ይገባል። በ1993 መውንጊ ባዌንዲና ተማሪዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መጠናቸው የተስተካከለ ነቁጦችን የሚያስገኝ ዘዴ አቀረቡ። ባዌንዲ፣ ብሩስና ኤኪሞቭም በዚህ ሥራቸው የ2023ን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በዚህ ወገን «ኳንተም» የሚለው ቃል በሚገባ የተገኘ ነው፤ መጠን ሲለወጥ ቀለም መለወጡ አስቀድሞ ታየ፣ ስሙ ኋላ ተከተለ።

ከጥቀርሻ የተገኘ ብርሃን

የካርቦኑ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ2004 በሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኤሌክትሪክ ብልጭታ ከተገኘ ጥቀርሻ ውስጥ የካርቦን ናኖ ቱቦዎችን ለይተው ለማጥራት ይሠሩ ነበር። ጥቀርሻውን በናይትሪክ አሲድ አጥበው በጄል ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲለያዩት፣ ያልፈለጉት አንድ ክፍል ከቱቦዎቹ ቀድሞ እየሮጠ በልዕለ ሐምራዊ ጨረር ሥር አበራ። ያገኙትን ነገር ምን ብለው ጠሩት? «የሚያበሩ የናኖ ቱቦ ስብርባሪዎች» አሉት። የመጀመሪያው ስም እንግዲህ የዘር ስም ነው፤ ነገሩ ከምን እንደ ተሰበረ ይናገራል እንጂ ለምን እንደሚያበራ አይናገርም።

በ2006 በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የያ ፒንግ ሰን ቡድን ግራፋይትን በሌዘር በመምታት ቅንጣቶችን አወጣ። ገጻቸውን በሌላ ሞለኪውል ሲሸፍነው ደምቀው እንዳበሩም አስታወቀ። የጽሑፉ ርእስ «ኳንተማዊ ልክ ያላቸው የካርቦን ነቁጦች» የሚል ነበር። በዚህ ርእስ ውስጥ «ኳንተም» የሚለው ቃል የሚገልጸው ልክን ነው፤ ነቁጦቹ የኳንተም ጠባይ ሊታይባቸው በሚችል መጠን ትንንሽ ናቸው ማለት ነው። የዕቃው ስም ግን «የካርቦን ነቁጥ» ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ጽሑፎች ሲበዙ ቃሉ ቦታ ለወጠ። የመጠን ቅጽል የነበረው ወደ ስሙ ውስጥ ገብቶ «የካርቦን ኳንተም ነቁጥ» ሆነ። በእንግሊዝኛው የአንድ ቃል ከፊት ወደ መካከል መዛወር ነው፤ በትርጕም ግን ትልቅ ርምጃ ነው። «ልኩ ይህን ያህል ትንሽ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ብርሃኑ ከዚህ ጠባይ የመጣ ነው» ወደሚል ተሸጋገረ። ለዚህ ሽግግር አዲስ ሙከራ አላስፈለገም፤ ምናልባት የከፊል አስተላላፊዎቹ ነቁጦች ዝና ብቻ በቂ ሆኖ ይሆናል።

በ2007 ደግሞ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የቼንግዴ ማኦ ቡድን የሻማ ጥቀርሻ በናይትሪክ አሲድ ቀቅሎ ከውስጡ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው የሚያበሩ ቅንጣቶችን ለየ። ብርሃናቸው ደካማ ቢሆንም መነሻው ከማንኛውም ቤት የማይጠፋ ነገር መሆኑ ብዙዎችን ሳበ። ለአገራችን አንባቢ ጥቀርሻ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም ከጥቀርሻና ከተቃጠለ እህል ያዘጋጁት ነበር፤ ጽሑፉ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይደበዝዝ የቆየው ካርቦን በብርሃንና በአየር በቀላሉ የማይለወጥ ስለ ሆነ ነው። ቀለሙ የጠቈረው ብርሃንን ስለሚውጥ ነው፤ ከዚያው ወገን ሆኖ እጅግ ያነሰውና ገጹ በአሲድ የተለወጠው ቅንጣት ግን የዋጠውን ብርሃን በሌላ ቀለም መልሶ ይሰጣል።

ጥርጣሬው

ቃሉ ከተስፋፋ በኋላ ሁለት ነገሮች ጥያቄ አስነሡ። አንደኛው ከቀለም ጋር የተያያዘ ነው። የከፊል አስተላላፊ ነቁጥ ቀለሙ በመጠኑ የተወሰነ ነው፤ በየትኛውም ተስማሚ ጨረር ቢያበሩት የሚሰጠው ያንኑ ነው። ብዙዎቹ የካርቦን ነቁጦች ግን የሚያበራቸው ጨረር ሲለወጥ የሚሰጡት ቀለም አብሮ ይለወጣል። ይህ ጠባይ በመጠን ብቻ አይፈታም። ስለዚህ ከፊሎቹ ተመራማሪዎች ብርሃኑ የሚመጣው በቅንጣቱ ገጽ ላይ ካሉ ልዩ ልዩ የኬሚካል ቡድኖችና ጉድለቶች ነው አሉ።

ሁለተኛው ከዚህ ይጠነክራል። በ2013 በቻይና በጂሊን ዩኒቨርሲቲ የባይ ያንግ ቡድን ሎሚን ከሚያኮመጥጠው ከሲትሪክ አሲድና ኤቲሊንዳያሚን ከሚባል ቁስ የተሠሩ ነቁጦች ከሚቀበሉት የብርሃን ስፍር እስከ 80 በመቶ ያህሉን መልሰው እንደሚሰጡ አስታወቀ። ይህ እጅግ ከፍተኛ ቍጥር ነው። በ2015 ግን ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ በሥራው ሂደት አንድ የሚያበራ ትንሽ ሞለኪውል እንደሚፈጠርና ለደማቁ ብርሃን ትልቅ ድርሻ ያለው ይኸው ሞለኪውል መሆኑን አመለከተ። የራሳቸውን ዝነኛ ውጤት መልሰው መመርመራቸው የሚያስመሰግን ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ጠንቃቃ ቤተ ሙከራ ፈሳሹን ደጋግሞ አጣርቶ፣ የሚያበራው ነቁጡ ይሁን ወይስ አብሮት ያለው ሞለኪውል ሳይለይ ውጤት አያወጣም።

በ2016 በስፔን በኮርዶባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች ስሞቹ ይለዩ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እንደ ሐሳባቸው የክሪስታል መዋቅር ያለውና የኳንተም ጠባይ የታየበት «የካርቦን ኳንተም ነቁጥ»፣ ይህ ጠባይ ያልታየበት «የካርቦን ናኖ ነቁጥ»፣ ከግራፊን ንብር የተቈረጠው ደግሞ «የግራፊን ኳንተም ነቁጥ» ይባላል። ሥርዐቱ መልካም ነው፤ ሁሉም ግን አልተከተለውም። ዛሬም «የካርቦን ኳንተም ነቁጥ» የሚለው ስም በርእስ ላይ ተጽፎ በውስጡ ስለ መጠንና ስለ ቀለም ግንኙነት አንድም መረጃ የሌለበት ጽሑፍ ተርጓሚውን ያጋጥመዋል።

በብርሃን ኤሌክትሮኒክስ ውስጥ

ይህ ሁሉ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ከዕቃ ጋር ተያይዞ ወደ ገበያ የሚገባ ነውና። ከ2013 ጀምሮ ለሽያጭ በቀረቡ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ኳንተም ነቁጦች የጀርባውን ሰማያዊ ብርሃን ወደ ጥሩ ቀይና አረንጓዴ ይለውጣሉ። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት በካድሚየም ነበር። ካድሚየም መርዛማ ብረት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ያለው ካድሚየም ከክብደቱ ከ0.01 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ለአንዳንድ አገልግሎቶች ግን ጊዜያዊ ልዩ ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ካርቦን የተፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ርካሽ ነው፣ በየትም ይገኛል፣ ከባድ ብረት የለበትም።

መንገዱ ግን ረዥም ነበር። ቅንጣቱን በጨረር ማብራት አንድ ነገር ነው፤ በኤሌክትሪክ ማብራት ሌላ ነገር ነው። በብርሃን ሰጪ ዳዮድ ውስጥ ከአንድ ወገን ኤሌክትሮን፣ ከሌላው ወገን የኤሌክትሮን ጕድለት የሚፈጥረው አዎንታዊ ቀዳዳ ይገባል፤ ሁለቱ በነቁጡ ላይ ሲገናኙ ብርሃን ይወጣል። የነቁጡ ገጽ በማያስተላልፍ ነገር ከተሸፈነ ግን ኤሌክትሪኩ አይደርስበትም። ለዚህም ነው በ2011 በካርቦን ነቁጥ የተሠራ ነጭ ብርሃን ሰጪ ዕቃ ሲታይ፣ ከገባው ኤሌክትሮን በብርሃንነት ወደ ውጭ የወጣው 0.083 በመቶ ብቻ የሆነው። በ2013 ከጂሊን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ሥራ በአንድ ዓይነት የካርቦን ነቁጥ የተሠራ ዳዮድ ቀለሙን በቮልቴጅና በአሠራሩ ሊለውጥ እንደሚችል አሳየ። ይህ ለተመልካች ድንቅ ነው፤ ለስያሜው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ቀለሙ በመጠን ብቻ ቢወሰን ኖሮ በቮልቴጅ ባልተለወጠ ነበርና።

በ2018 ግን ከቤጂንግ ኖርማል ዩኒቨርሲቲ የሉዠን ፋን ቡድን ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባል፣ ሦስት አቅጣጫ ካለው ሞለኪውል ተነሥተው ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ክሪስታላዊ ነቁጦችን አበጁ። የብዙዎቹ የቀድሞ ካርቦን ነቁጦች የቀለም ስፋት ከ80 ናኖ ሜትር በላይ ሲሆን የነዚህ ወደ 30 ናኖ ሜትር ወረደ፤ ይህም ቀለማቸው የጠራ ነው ማለት ነው። ነቁጦቹ ሲተልቁ ብርሃናቸው ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሄደ። በነሱ የተሠሩት ዳዮዶች ከፍተኛ ድምቀት በካሬ ሜትር ከ1,882 እስከ 4,762 ካንዴላ ነበር። እዚህ ላይ መጠንና ቀለም እንደ ማሲንቆው ጭራና ድምፅ አብረው ሲሄዱ ታዩ። «ኳንተም» የሚለው ቃል ከ2006 ጀምሮ በብድር የተያዘ ከሆነ፣ በነዚህ ነቁጦች ላይ ዕዳው መከፈል ጀመረ ለማለት ይቻላል። የተከፈለው ግን ለነዚህ እንጂ ለሻማ ጥቀርሻውና ለሎሚው አሲድ ነቁጦች ጭምር አይደለም።

ለአማርኛ የሚቀርብ ሐሳብ

ከዚህ ታሪክ የምናወጣው ደንብ አጭር ነው። ዐይን ያየውን እንተርጕም፤ ገና የሚመረመረውን እንዋስ። «ልዕለ ሐምራዊ» የሚለው ቃል መልካም ትርጕም የሆነው በቀስተ ደመናው ቀለማት ተርታ ከሐምራዊው አልፎ ያለውን ስፍራ ብቻ ስለሚናገር ነው፤ ስለ ጨረሩ ምንነት የሚነሣ ማንኛውም አዲስ ሐሳብ ስፍራውን አይለውጠውም። በአየርላንድ የተወለደው ጆርጅ ስቶክስም በ1852 ይህን ዘዴ አውቆበታል። አንዳንድ ቁሶች ብርሃን ተቀብለው በሌላ ቀለም የሚሰጡበትን ጠባይ በመጀመሪያ የነጸብራቅ ዓይነት አድርጎ ሰየመው። ስሙ ግን አላስደሰተውም፤ በመጨረሻም ጠባዩ ከሚታይበት ከፍሎርስፓር ማዕድን «ፍሎረሰንስ» የሚለውን ቃል አወጣ። የነጸብራቁ ስም ቢቀር ኖሮ ዛሬ ስሕተት ይሆን ነበር፤ የማዕድኑ ስም ግን ማንንም ሳያሳስት እስከ ዛሬ ያገለግላል።

በዚህ ደንብ ሦስቱን ቃላት አንድ በአንድ እንመልከት። «ካርቦን» ይቈይ፤ «ከሰል» የራሱ ሥራ አለውና። ለሦስተኛው ቃል ሁለት ዕጩዎች አሉ፤ «ነጥብ» እና «ነቁጥ»። «ነጥብ» ለአፍ ይቀላል፣ በትምህርት ቤትም ይታወቃል። ነገር ግን ሥራ በዝቶበታል። የጂኦሜትሪው ነጥብ፣ የአሥርዮሹ ነጥብ፣ የመፍላት ነጥብ፣ የውድድሩ ነጥብ፣ የክርክሩ ነጥብ፣ በጽሑፍም ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ አሉ። በአንድ ገጽ ላይ «የኳንተም ነጥቦቹ የመቅለጥ ነጥብ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ አንባቢውን ያሰናክላል። በተጨማሪም የጂኦሜትሪ ነጥብ አካል የሌለው ነው፤ የኛ ቅንጣት ግን የብዙ መቶ ወይም የብዙ ሺህ አቶሞች አካል አለው። «ነቁጥ» ከግእዝ የወረስነው፣ በገጽ ላይ ያረፈ ትንሽ ምልክት የሚል ፍች ያለውና በሙያ ቃልነት ያልተጨናነቀ ቃል ነው። ከጕድጓድና ከሽቦ ጋርም በተከታታይ ሲቆም ሦስቱም አካል ያላቸው ነገሮች ይሆናሉ። ስለዚህ በረቂቃችን «ነጥብ» ያልነውን «ነቁጥ» በሚለው ተክተናል። የሚያስከፍለን ዋጋ ቃሉ ለወጣቱ አንባቢ ጥቂት የሚከብድ መሆኑ ነው፤ ይህን አንክድም።

«ኳንተም» ግን አይተርጐም። «ስፍር» የሚለው ቃል ስለ ፕላንክ ለማስረዳት ደግ ነው፤ እኛም ከላይ ተጠቅመንበታል። ነገር ግን «የካርቦን ስፍር ነቁጥ» ብንል ጀርመንኛው በኦክሲጅን ላይ ያደረገውን መድገም ይሆናል፤ ገና የሚከራከሩበትን ሐሳብ ከራሳችን ሥር አብቅለን ለልጆቻችን እናወርሳለን። «ኳንተማዊ ነቁጥ» የሚለውንም ያልተቀበልነው «-አዊ» የሚለው ቅጥያ ጠባይን ለዕቃው ስለሚሰጥ ነው። «ኳንተም ነቁጥ» ብሎ ሁለቱን ስሞች ማያያዝ ይበቃል።

ከዚህ በመነሣት ሁለት የተለያዩ ዋና ቃላት እንዲገቡ ሐሳብ እናቀርባለን።

የካርቦን ነቁጥ፦ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ናኖ ሜትር የማይበልጥ፣ ካርቦን የበዛበት፣ ብርሃን ተቀብሎ በሌላ ቀለም የሚሰጥ ቅንጣት፤ የወገኑ ጠቅላላ ስም።

የካርቦን ኳንተም ነቁጥ፦ የብርሃኑ ቀለም በመጠኑ እንደሚወሰን በማስረጃ የታየ የካርቦን ነቁጥ።

ተርጓሚዎች እዚህ ላይ የሚያነሡት ተገቢ ጥያቄ አለ። ደራሲው ያለ ማስረጃ «የካርቦን ኳንተም ነቁጥ» ብሎ ከጻፈ ተርጓሚው «ኳንተም» የሚለውን ይጣለው ወይ? አይጣለው። ተርጓሚ የደራሲው ዳኛ አይደለም፤ የደራሲው ቃል የደራሲው ነው። ጽሑፉ እንዳለ ይተርጐም። ራሱ በራሱ ቃል ሲጽፍ፣ ለምሳሌ መግቢያ ሲጨምር ወይም የመማሪያ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ግን ጠቅላላውን ስም ይጠቀም። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ የሁለቱን ልዩነት ጠብቆ ይዞ፣ አንባቢው የደራሲውን ቃል ከፍቹ ጋር እንዲያመዛዝን ያድርገው። በዚህ መንገድ ተርጓሚው ታማኝነቱን አያጣም፤ ቋንቋውም ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ አይናገርም።

የድሮውን ካርድ አልቀደድነውም። በጀርባው ላይ የባለሙያውን ጥያቄ «በምን ዐወቃችሁ?» ብለን ጽፈን በሣጥኑ መጀመሪያ አኑረነዋል። የጻፍንበት በእርሳስ ነው፤ ማለትም በካርቦን።